በጉብታው ዳር የተውኩት ክፍተት

አባቴ ፍሬን መርገጥ አይወድም ነበር። እንደ አንዳንዱ ሾፌር ችኩል ወይም ግድየለሽ ሆኖ አይደለም። ፍሬን ለእሱ፣ ሾፌሩ ከፊቱ የሚመጣውን ቀድሞ ባለማየቱ የሚከፍለው ቅጣት ነበር። ሌላ ሰው መሪ ይዞ እሱ ጎን ሲቀመጥ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍስና በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔ መንዳት የተማርኩት ያንን ትንፋሽ እየፈራሁ ነው።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጦኝ ከናዝሬት ሻሸመኔ ይወስደኝ ነበር። ናዝሬት የምለው እሱ እስከ ዛሬ አዳማ ስለማይላት ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርገን፣ ኩየራን አልፈን ሻሸመኔ እንገባለን። ስንመለስ ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። ብዙ ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ ማርሹን ፎሌ አድርገው መኪናውን ባዶውን ይለቁታል፤ ናፍጣ ቆጠቡ ማለት ነው። አባቴ ይሰድባቸው ነበር። እሱ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳል እንጂ ማርሹን አይነካም።

“ስሚ፣” ይለኛል፣ “ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ቁልቁለት ላይ ናፍጣ አይጠጣም። ጎማው ራሱ ነው የሚያዞረው። ፎሌ ያደረገው ሰውዬ ናፍጣም አልቆጠበ፣ ፍሬኑም ይግልበታል፣ ነፍሱም በእጁ አይደለችም።”

ሌላም የሚደጋግመው ነገር ነበረው። መኪና ናፍጣ የሚጨርሰው ሲሄድ ሳይሆን ቆሞ ሲነሳ ነው ይላል። የተጫነ መኪና ከቆመበት አስነስቶ ወደ ሩጫው ለመመለስ ሞተሩ የሚያወጣውን ጥቁር ጭስ በመስታወት ያሳየኝና “ያ ነው ገንዘባችን፣ እይው ሲበን” ይለኛል። ስለዚህ ከሩቅ ያያል። አህያ ከብዙ ርቀት ታየችው እንደሆነ እግሩን ከዚያው ያነሳል፤ አህያዋ ተሻግራ ስትጨርስ መኪናችን ሳይቆም፣ ሳይንገጫገጭ ይደርሳል። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ዳገትና ቁልቁለትን በሞተር ድምፅ አውቅ ነበር። የመንገድ መሐንዲስ የሆንኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አዳማ ያለው ቤት የሁለታችን ነበር። እሱ የጅቡቲን መስመር በተሳቢ ሃያ ምናምን ዓመት ከተመላለሰ በኋላ አሮጌ አይሱዙ ገዝቶ፣ ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዳማ ያመላልስ ጀመር። እኔ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚያልፉ መንገዶችን ጥገና እከታተል ነበር። ማታ ስንገናኝ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው። እሱ በመንገዱ ላይ የዋለውን ይነግረኛል፣ እኔ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ እነግረዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

በእኛ አገር አንድ ከተማ መኪና ሰው ይገድልባትና መንገዷ ላይ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራባታል። ሌላ ሰው ሲሞት ሌላ ጉብታ። መሥሪያ ቤቱ ከዘገየ ነዋሪው ራሱ አፈርና ድንጋይ ቆልሎ፣ አሮጌ ጎማ ቀብሮ ይሠራዋል፤ ማንም ደፍሮ አያፈርስበትም። ከዱከም ጀምሮ እስከ ሻሸመኔ የቆጠራቸው ሰው ቢኖር የእያንዳንዱን ከተማ ለቅሶ በቆጠረ ነበር። ጉብታዎቹ እንደ ደረጃ ቀጥ ያሉ ናቸው። “ሠላሳ” የሚለው የፍጥነት ወሰን ምልክት ደግሞ ከጉብታው አናት ላይ ነው የሚተከለው፤ ሾፌሩ ሲያየው ደርሷል። ስለዚህ ፍሬን ይረግጣል፣ መኪናው ይጮሃል፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። ከጉብታ አጠገብ ያሉ ቤቶችን በጭስ የጠቆረ ግድግዳ ያየ ሰው ቀለማቸው ምን እንደነበር አያውቅም።

እኔ ይህን ለማስተካከል ጽፌ ነበር። ምልክቱ ከሩቅ ይጀምር፣ ከሰማንያ ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ ሠላሳ ደረጃ በደረጃ ይውረድ፤ መንገዱ ከተማው መግቢያ ላይ ጠበብ ይበል፤ ጉብታው ረዘም ያለና ለስላሳ ይሁን። እንደዚያ ከሆነ ሾፌር እግሩን በማንሳት ብቻ ይቀንሳል፣ ናፍጣም አያባክንም፣ የሚያመልጥበት ምክንያትም አይኖረውም። አለቃዬ አነበበና ሳቀ። “አንቺ የሾፌር ልጅ ስለሆንሽ ነው፣” አለኝ። ስድብ አስመስሎ አልተናገረውም፣ እኔ ግን እንደ ስድብ ነው የወሰድኩት።

ከመቂ ወዲያ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ አንድ ተማሪ መንገድ ሲሻገር ሞተ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አለቃዬ ዘንድ መጡ፤ ጉብታ ተፈቀደላቸው። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ግንቦት አልቆ ሰኔ ገብቶ ነበር። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ የተኛው ሥራ ሁሉ ሰኔ ሠላሳ በጀት ሳይዘጋ ይጨረስ ተብሎ በአንድ ወር ይሮጣል። ያልተጨረሰውም በወረቀት ይጨረሳል።

የዚያች ከተማ የውሃ መውረጃ ቦይ በደለል ተሞልቶ ስለነበር ጉብታውን ከዳር እስከ ዳር ብዘጋው ክረምት ላይ ውሃው ከኋላው ተኝቶ አስፋልቱን ይበላዋል። ስለዚህ በሁለቱም ዳር አንድ ሜትር ከምናምን ክፍተት ተውኩ። ክፍተት ከተተወ ሾፌር የቀኝ ጎማውን በዚያ አሾልኮ፣ ሩጫውን ሳይቀንስ፣ ጎን ጎኑን እንደሚያልፍ ደግሞ አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት በንድፉ ላይ ክፍተቱ ውስጥ ሦስት ሦስት የሲሚንቶ ምሰሶ አስቀመጥኩ፤ ውሃ ያሳልፋሉ፣ ጎማ አያሳልፉም። ከኋላቸው ለእግረኛና ለብስክሌት ጠባብ መተላለፊያ ነበር።

ምሰሶዎቹ አልተተከሉም። ተቋራጩ ሲሚንቶ አጣሁ አለ፤ በዚያ ሰሞን ሲሚንቶ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። ርክክቡ የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ “ካልፈረምሽ በጀቱ ይመለሳል። ምሰሶው ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ሦስት ቀን ሥራ ነው፣” አለኝ። “ተጠናቋል” ከሚለው ቃል ሥር ፈረምኩ። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ሐምሌ ሲገባ የተዘጋ ፋይል የሚከፍት ሰው አልነበረም፣ እኔም አልከፈትኩትም።

በዚያው ሳምንት እራት ላይ አባቴ ስለዚያ ጉብታ አነሳ። አዲስ ጉብታ ተሠራ ብሎ ሲያማርር እኔ ደግሞ ለማሾፍ “ዳር ዳሩን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ እኮ፣ ምን ታለቃቅሳለህ፣” አልኩት። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሳቀ። “አይ የኔ ልጅ፣ የሾፌር ልጅ፣” አለ፤ እሱ ሲለው ስድብ አልነበረም። ስለ ምሰሶዎቹ ልነግረው እችል ነበር። ደስ ብሎት ስላየሁት ሳልነግረው ቀረሁ።

እሱ ለጓደኞቹ አወራ። በዚያ ዘመን ናፍጣ ጠፍቶ ስለነበር ሾፌሮች ማደያ ላይ ተሰልፈው ቀኑን ሙሉ አንዳንዴም ሁለት ቀን ያወራሉ፤ ከዚያ ውጪ ሥራ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ለእሱ ምሳ ይዤለት ሞጆ መውጫ ወዳለው ሰልፍ ስሄድ፣ የማላውቀው አንድ ሾፌር ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ “የኛ ኢንጂነር!” ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ሳቁ፣ አንዱ አጨበጨበ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት በሥራዬ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም።

መስከረም ላይ ለሌላ ሥራ ወደ ዝዋይ ስሄድ በዚያ አለፍኩ። በክፍተቱ ውስጥ የጎማ መንገድ ተጠርጎ፣ ጠልቆ፣ የመኪና ዘይት አብረቅርቆበት አየሁ። ከእሱ ጋር ተያይዞ፣ እላዩም ላይ ተደራርቦ፣ የብስክሌት ቀጭን መስመር ነበር። የመቂና የዝዋይ ሰው ብስክሌት ይወዳል፤ ብስክሌት ደግሞ ጉብታ አይወድም። ሁለቱን መስመሮች ለጥቂት ጊዜ ቆሜ አየኋቸው። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኩ። ሰኞ ሌላ ነገር መጣ።

አደጋው የደረሰው ጥር ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። አባቴ ከዝዋይ ቲማቲም ጭኖ ወደ አዳማ ይመለሳል። የነዳጅ ጋኑ ውስጥ ያለው ናፍጣ አዳማ ካደረሰው ማግስቱን ሌላ ጭነት ይሠራል፤ ካላደረሰው ሰልፍ ነው፣ ሰልፍ ማለት ደግሞ ሁለት ቀን ቆሞ የሚበሰብስ ቲማቲም ነው። ስለዚህ እንደ ልማዱ ከሩቅ እግሩን አንስቶ፣ ጉብታው ጋ ሲደርስ የቀኝ ጎማውን ወደ ክፍተቱ ያስተካክላል። ከጉብታው ወዲያ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። በሚኒባሱ ጎን፣ በዳር በኩል፣ አንድ ወጣት ከፊት ለፊት በብስክሌት መጥቶ እዚያው ክፍተት ውስጥ ገባ። አበባ እርሻ የሚሠራ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ነበር። ሆስፒታል አልደረሰም።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጭኖቹ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀና ሳይል ተናገረ።

“አላየሁትም።”

“ምን ያህል ትሮጥ ነበር?”

“አርባ። ከአርባ ትንሽ ከፍ።”

“ወሰኑ ሠላሳ ነው፣ አባዬ።”

“ሠላሳ ብገባ ሁለተኛ ማርሽ መግባት ነበረብኝ፣” አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው።

ከሁለተኛ ማርሽ ተነስቶ ወደ ሩጫው ለመመለስ ያ አይሱዙ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ በግምት አውቃለሁ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ያን ሌሊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ይህን ብርጭቆ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። ተናደድኩ፤ በእሱ፣ በአለቃዬ፣ በተቋራጩ፣ በሰኔ፣ በናፍጣ ሰልፍ። ከሁሉ የበለጠ ቀልዴ ነው ያንገበገበኝ፣ እራት ላይ የቀለድኩት።

በዋስ ከወጣ በኋላ አዳማ ቤታችን ውስጥ ነገርኩት። ምሰሶ ሊተከልበት የነበረ ቦታ እንደሆነ፣ ሳይተከል እንደፈረምኩ፣ ፍርድ ቤትም ሆነ የሟች ቤተሰብ ይህን ማወቅ እንዳለበት። ጎማው ክፍተቱ ውስጥ የገባው ክፍተቱ ስለነበረ ነው አልኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝ። ልጅ ሳለሁ ስለ ማርሽ ሲያስረዳኝ በሚያደርገው ድምፅ መለሰልኝ።

“መሪውን የያዘው ማነው?”

“አንተ።”

“እዚያ መኪና ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ነበር?”

“አልነበረም።”

“በቃ። አንቺ እዚያ አልነበርሽም። ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።”

አላነሳሁበትም። ፈቃዱን ስላከበርኩ ነው ብል ደስ ባለኝ። ፈርቼ ነበር። ሥራዬን፣ የሙያ ፈቃዴን፣ የተማርኩበትን ዓመት ሁሉ ያሳጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አባቴ ዝም በይ ሲለኝ ደግሞ ፍርሃቴ መታዘዝ የሚል ጥሩ ስም አገኘ።

ሽማግሌ ላክን። በዚያ አገር በመኪናም ቢሆን ሰው የገደለ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ሳይታረቅ አይቀመጥም፤ ካልታረቀ ደሙ ይፈለጋል፣ መኪናውም ሾፌሩም ሁለተኛ በዚያች ከተማ አያልፍም። ሁለት የሰፈራችን አዛውንቶች ሄዱ፣ ከእነሱም ጋር አባቴ በተሳቢው ዘመን አብሮት የነዳ አንድ የአርሲ ሰው ነበር። ቋንቋውንም ወጉንም የሚያውቀው እሱ ነው፤ አነጋጋሪያችንም እሱ ሆነ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሦስተኛው እሺ ተባለ። ስለ ካሳው ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ጨረሱ፤ የቀረው አባቴ ራሱ ቀርቦ ይቅር መባል ነበር። አባቴን ከፍርድ ቤቱም በላይ ያስጨነቀው ይህ ነበር። እስር ቤት ያልፋል ይለኝ ነበር፤ ያ ቤተሰብ ካልማረው ግን ምግብ እንደማይወርድለት አውቅ ነበር፣ ከጥር ወዲህ አልወረደለትም።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማዋ ጀርባ ካለ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ተቀመጥን። እነሱ በአንድ ወገን፣ እኛ ራቅ ብለን በሌላ ወገን። በመሃል ሽማግሌዎች። ከሩቅ የሚያልፉ መኪናዎች ጉብታው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ አንዳንዶቹ ግን ዝቅ አይልም። እያንዳንዱን እሰማ ነበር። በከተማዋ ውስጥ መሐንዲሷ እኔ መሆኔን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እነሱ የሚያውቁት የተቋራጩን ፎርማን ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ የሥራ ቆብ አድርጌ፣ ከመኪናዬ ብዙም ሳልርቅ ለክቼ ነው የተመለስኩት። ከእኛ ወገን ካሉት ግን አነጋጋሪያችን ያውቃል። አባቴ እራት ላይ በሳቀ ሰሞን ለእሱ ነግሮታል።

የሟች እናት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። በወጉ እናት በዚህ ጊዜ አትናገርም፣ ሽማግሌ ነው የሚናገርላት። እሷ ግን እጇን አነሳች፤ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ትናገር አሉ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ እርስዎ የሚባል ነገር የለበትም። አባቴን ቀጥ ብላ አየችው።

“ልጄን አይተኸው ነበር?”

“አላየሁትም፣ እናቴ፣” አለ አባቴ። “መንገዱን እያየሁ ነበር።”

“እሱም መንገድ ላይ ነበር፣” አለች።

አባቴ አንገቱን ደፋ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ ስትቀበርም አላለቀሰም። እዚያ ላይ ነው የተነሳሁት። አስቤበት አልነበረም። ለመናገር ያልታሰብኩ ሴት ከኋላ ረድፍ ተነስቼ፣ የእኔ ነው ጥፋቱ አልኩ። ጉብታውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። እዚያ ክፍተት ውስጥ ምሰሶ ሊኖር ይገባ ነበር። ምሰሶ ሳይኖር አለ ብዬ ፈርሜያለሁ። ምሰሶው ቢኖር አባቴ በዚያ ሊያልፍ አይችልም ነበር፣ ልጅሽም ይኖር ነበር።

አነጋጋሪያችን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቃል በቃል ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ጨርሶ ሳይቀመጥ በዚያ ወገን ጉምጉምታ ተነሳ። የሟች ወንድም ይመስለኛል፣ አንድ ወጣት ብድግ አለ።

“ይሄ ምንድነው? ለይቅርታ ነው የመጣችሁት ወይስ ለክርክር? ጠበቃ ነው እንዴ ያመጣችሁብን?”

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ገዳይ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ካልተሸከመ እርቅ አይባልም። ከእኛ ወገን ጥፋቱ የመንገዱ ነው፣ የወረቀቱ ነው የሚል ቃል ከወጣ፣ አባቴን ነፃ ለማውጣት የተዘየደ ብልሃት ነው የሚመስለው። እውነቱን ከሰኔ ጀምሮ ኪሴ ይዤ ከርሜ፣ ሊጠቅም በማይችልበት በአንዲት ሰዓት አወጣሁት። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ሁለት ወጣቶች ጋቢያቸውን አራግፈው ሊሄዱ ተነሱ። ሦስት ጊዜ የተለመነው እርቅ በእኔ አፍ ሊፈርስ ነበር።

አባቴ ተነሳ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። ወደ እኔ አላየም።

“ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አባቶቼ፣” አለ። “ልጄ ትዋሻለች። መንገድ መሥሪያ ቤት መሥራቷ እውነት ነው፤ ይሄን ግን እሷ አልሠራችውም፣ አታውቀውም። ለእኔ ብላ ነው። እናት የላትም፣ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ከምታጣ ስሟን ብታጠፋ ይሻላታል። ልጃችሁን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም የለበትም።”

በሕይወቴ አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አነጋጋሪያችንን አየሁት። እሱም አየኝ። እዚያ ሜዳ ላይ እውነቱን ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር፣ የአባቴን ውሸት በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ይችል ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና አባቴ ያለውን እንዳለ ተረጎመው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እንደገና እውነት ነው ብል እርቁ ይፈርሳል፣ አባቴ ውሸታም ይባላል፣ እኔም ሥራዬን አጣለሁ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ መጡብኝ፣ የትኛው ዝም እንዳሰኘኝ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ነው ብዬ ራሴን አሳምናለሁ።

የተነሱት ወጣቶች ተቀመጡ። ሴቶቹ መካከል ለቅሶ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ለእኔ ማዘናቸው ነበር እንጂ ለቅሶ አልነበረም። እናትየው “ነዪ” ብላ በእጇ ጠራችኝ። ሄጄ ፊቷ ተንበረከኩ። በሻካራ መዳፎቿ ጉንጮቼን ያዘች። አፈርና ሳሙና ትሸታለች። እኔን ስታይ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ለአባቴ ያልነበራት ርኅራኄ ነበር።

“ኢንታላ ኮ፣” አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። “ለአባትሽ ብለሽ የሞት ዕዳ በራስሽ ላይ አመጣሽ። እንዳንቺ ያለ ልጅ የወለደ ሰው ክፉ አይደለም። ለአንቺ ስል ምሬዋለሁ።”

ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ከተቀመጠበት እጁን ዘረጋ። እናትየው እጇን ራሴ ላይ እንደጫነች መረቀችኝ። መልካም ስም ይስጥሽ፣ ንጹሕ ልብሽን ረቢ፣ ፈጣሪ ማለቷ ነው፣ ይጠብቅልሽ፣ የልጄን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ አለች። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ አባቴም ጭምር፣ በአንድ ድምፅ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ።